አንድ ምሽት ከእንጦጦ፦ ብዙ ኤክስፖዠርን በእጅ ማዋሃድ ከሀ እስከ ፐ

ኅዳር ላይ፣ 12 ሰዓት አካባቢ፣ እንጦጦ ቆማችሁ አዲስ አበባን ቁልቁል ስታዩ ዓይናችሁ ምንም አይቸገርም። በወጨጫ ተራራ በኩል ሰማዩ ቀልቷል። ታች ሰፈሩ ላይ ጥላ ወድቋል፤ ቢሆንም ቆርቆሮውን ከዛፉ፣ መንገዱን ከግንቡ ለይታችሁ ታያላችሁ። ካሜራ አውጥታችሁ አንድ ቀጭ ታደርጋላችሁ። ወይ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኗል፣ ወይ ከተማው ከሰል።

ካሜራው አልተበላሸም። ዓይን ከሰማዩ ወደ ሰፈሩ ሲዞር ራሱን እያስተካከለ ነው የሚያየው፤ ካሜራው ግን አንዴ ሲጫኑት ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የብርሃን መጠን (ኤክስፖዠር) ነው የሚወስደው። ችግሩ አዲስ አይደለም፣ መፍትሔውም እንደዚሁ። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ የባሕር ፎቶ ሲሠራ ለሰማዩ አንድ ኔጋቲቭ፣ ለባሕሩ ሌላ ኔጋቲቭ አንስቶ ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። እኛም የምንሠራው ያንኑ ነው። ልዩነቱ ጨለማ ክፍል ሳንገባ መሥራታችን ነው።

"ኤችዲአር የሚባል ነገር አለ አይደል፣ አንዴ ተጭኖ መገላገል ነው" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ፎቶዎቹን ፕሮግራም በራሱ የሚያዋህድበት መንገድ ነው፣ እኔም ቀን ላይ ለሚነሳ ቀለል ያለ ፎቶ እጠቀምበታለሁ። የምሽት ፎቶ ላይ ግን ፕሮግራሙ ፀሐይ በየት በኩል እንደጠለቀች አያውቅም። ጥላ ካየ ያበራል፣ ብርሃን ካየ ያጨልማል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር እኩል ይሆንና ምሽቱ ምሽትነቱን ያጣል። ሰፈሩ የሠርግ ድንኳን ይመስላል። በእጅ ስትሠሩ ግን የቱ ጥላ ጥላ ሆኖ መቅረት እንዳለበት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ሙያው ያለው እዚያ ላይ ነው፣ የተቀረው ቁልፍ መጫን ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ከምታነሷቸው ፎቶዎች አንዱ ዋና ነው። ቤቱ እሱ ነው። ሌሎቹ ለድግስ ዕቃ የሚያበድሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ድስት፣ አንዱ ወንበር ይሰጣል እንጂ ማንም ቤቱን ይዞ አይመጣም። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ከአምስት ፎቶ አምስቱንም እኩል ለማሳየት ሲታገል ነው።

መቼና የት

ከእንጦጦ ከተማው ወደ ደቡብ ነው የሚታየው። ስለዚህ ወሩ ለውጥ ያመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዘንብላ ስለምትጠልቅ ቀዩ ሰማይ ከከተማው ጋር አንድ ፎቶ ውስጥ ይገባል። በሰኔና በሐምሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ትሸሻለች፣ ክረምቱም አለ፣ ስለዚህ እሱን ጊዜ እርሱት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ወራት አየሩ ጥርት ስለሚል ሩቁ ተራራ ሳይቀር ይታያል።

ሌላው የሰዓቱ ነገር ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጥሩው ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ነው፣ ከዚያ ዥው ብሎ ይጨልማል። ስቶክሆልም ያላችሁ ወገኖች በሰኔ ከሰዓት በላይ የሚዘገይ ምሽት አላችሁ፤ ሻይ እየጠጣችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። እኛ አንችልም። በ11 ሰዓት እዚያ ድረሱ፣ ትራይፖድ ትከሉ፣ ብርሃን ሳለ የፎቶውን ቅንብር ጨርሱና ጠብቁ።

ደግሞም ትራይፖድ ሲዘረጋ ጥበቃ ይመጣል፣ ይህን ታውቃላችሁ። ቤተ መንግሥትና ወታደራዊ ቦታ አካባቢ አትሞክሩ። ሌላ ቦታ ከሆነ ቀድማችሁ ሰላም በሏቸውና ምን እንደምትሠሩ አሳዩዋቸው። ወርቃማዋ 20 ደቂቃ በክርክር ስታልቅ ቆሞ ማየት ያማል፣ ደርሶብኛል።

ማንሳቱ

ትራይፖዱ ጠንካራ ይሁን። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ንፋስ አይጠፋም። መሐል ላይ ያለውን ዘንግ ወደ ላይ አትሳቡት፤ ከፍ ባለ ቁጥር ይወዛወዛል። ቦርሳችሁን ሥሩ ላይ ስቀሉበት፣ ግን መሬት አስነክታችሁ፤ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ ባይሰቀል ይሻላል።

ከዚያ ካሜራው ላይ ሁሉንም ነገር በእጅ ቆልፉ። ቆልፉ ስል ቀልድ አይደለም። ሞዱ ማኑዋል፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ፎርማት ሮው (ካሜራው ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል)። ፎከሱን ሩቅ ያለ ሕንፃ ላይ አድርጉና ወደ ማኑዋል ፎከስ ቀይሩት። ዋይት ባላንሱንም (የቀለሙን ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚወስነውን) ከአውቶ አውጡት። ሮው ላይ በኋላ ይስተካከላል ይባላል፣ ይስተካከላልም፣ ግን እያንዳንዱ ፎቶ የየራሱን ቀለም ይዞ ሲመጣ የቱ ትክክል እንደሆነ ዓይናችሁ ግራ ይጋባል። ሌንሱ ወይም ካሜራው ላይ ያለውን የንዝረት መከላከያ አጥፉ፤ ትራይፖድ ላይ ሆኖ አንዳንዱ ራሱ ንዝረት ይፈጥራል።

ፎከሱን ለምን እንደማጠብቅ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አውቶ ፎከስ ላይ ረስቼው ሦስቱን ፎቶ ሦስት ቦታ ላይ አነጣጠረ። ፎከስ ሲቀየር የሥዕሉ ስፋትም ትንሽ ይቀየራል፣ ስለዚህ ቤት ገብቼ ስደራርባቸው ሕንፃው ሁሉ ድርብ ሆነ። ከማስተካከል ሌላ ቀን ሄዶ ማንሳት ይቀላል። ሄድኩም።

በሁለት ሰከንድ ታይመር ወይም በሪሞት አንሱ። በፎቶዎቹ መካከል የሚቀየረው የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ብቻ ነው። አፐርቸር ከቀየራችሁ የጥራቱ ጥልቀት ይቀየራል፣ አይኤስኦ ከቀየራችሁ ደግሞ አንዱ ፎቶ ንጹህ፣ ሌላው ነጠብጣባም ይሆናል።

ስንት ፎቶ? ይህን ሂስቶግራሙ ይንገራችሁ፤ ካሜራው የሚያሳየው የብርሃን ግራፍ ነው፣ ግራው ጨለማ፣ ቀኙ ብርሃን። በጣም ጨለማው ፎቶ ላይ ግራፉ የቀኙን ግድግዳ መንካት የለበትም፤ ማለት ቀዩ ሰማይ ሳይነጣ ተይዟል። በጣም ብርሃናማው ላይ ደግሞ የግራውን ግድግዳ ለቆ መነሳት አለበት፤ ማለት ጥላው ውስጥ ዝርዝር አለ። በሁለቱ መካከል ሁለት ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) እየዘለላችሁ ሙሉት። ብራኬቲንግ የሚለው ማዘዣ በራሱ ይሠራዋል፣ በእጅ መቀያየርም ይቻላል።

ምሳሌ እንያዝ። ፀሐይ ከጠለቀች 10 ደቂቃ ሆኗል እንበል። 1/15 ሰከንድ፣ 1/4 ሰከንድ፣ 1 ሰከንድ፣ 4 ሰከንድ። አራት ፎቶ። በ1/15 የተነሳው ላይ ከወጨጫ በላይ ያለው ቀይ ሙሉ ነው፣ ከተማው ግን የለም። 1/4 ላይ የተቀረው ሰማይ ልክ ነው። 1 ሰከንዱ ላይ ከተማው ደስ ይላል፣ ሰማዩ በቀኝ በኩል ትንሽ ነጥቷል። 4 ሰከንዱ ላይ ከፊት ያለው የባህር ዛፍ ጫካ ሳይቀር ይታያል። የናንተ ቁጥር እንደ ደመናው ይለያያል፣ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

አሁን ዕቃችሁን እንዳትሰበስቡ። ትራይፖዱን ሳትነኩ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። የመንገዱ መብራት ይበራል፣ የሕንፃው መስኮት አንድ በአንድ ቢጫ ይሆናል፣ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃም ያበራል። ሰማዩ ጥቁር ሳይሆን ጥልቅ ሰማያዊ እያለ ሁለት ፎቶ ጨምሩ፦ አንዱ 2 ሰከንድ፣ አንዱ 8 ሰከንድ። 2 ሰከንዱ አምፖሎቹ እንዳይፈነዱ ነው፣ 8 ሰከንዱ ለድምቀቱ። አንዴ በዚህ መሐል አንድ ሰፈር ሙሉ መብራት ሄደበትና ፎቶው መሐል ላይ ጥቁር ቀዳዳ ቀረ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሲመጣ ያነሳሁት አዳነኝ። ስለዚህ አንድ ዙር አንስታችሁ አትመኑ፣ ደጋግሙት።

ኮምፒውተር ላይ፦ መጀመሪያ ሮው

ፎቶዎቹን ወደ ላይትሩም ወይም ካሜራ ሮው አስገቡ። ነፃ ከፈለጋችሁ ዳርክቴብል እና ሮውቴራፒ አሉ፣ ሁለቱም ሥራውን ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ አትንኩ። ለመጀመሪያው ዙር አራት ፎቶ አንድ ዓይነት ዋይት ባላንስ ስጡ። የሌንስ ማስተካከያውን ወይ ለሁሉም አብሩ ወይ ለሁሉም አጥፉ፤ ለአንዱ አብርታችሁ ለሌላው ከተዋችሁት ጥጎቹ አይገጥሙም። አትቁረጡ፣ አታጋድሉ። ኮንትራስትና ክላሪቲ የሚባሉትን ለመጨረሻ ተዉ።

የመብራቱ ፎቶ ግን ለብቻው ይታይ። የመንገድ መብራት በጣም ብርቱካናማ ነው፤ ዋይት ባላንሱን ወደ 3,500 ኬልቪን ገደማ ስታወርዱት መብራቱ ረጋ ይላል፣ ሰማዩ በጣም ሰማያዊ ይሆናል። ይሁን፣ የዚህን ፎቶ ሰማይ አንጠቀምበትም።

ከዚያ ፎቶሾፕ ላይ አንድ ፋይል ውስጥ እንደ ሌየር (አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ ንብርብር) ክፈቷቸው። ላይትሩም ላይ ፎቶዎቹን መርጣችሁ በቀኝ ቁልፍ ስትጫኑ ኤዲት ኢን ከሚለው ሥር በፎቶሾፕ እንደ ሌየር ክፈት የሚል አለ። 16 ቢት መሆኑን አረጋግጡ። በ8 ቢት ሰማይ ላይ ስትሠሩ ቀለሙ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይሰነጠቃል።

ሁሉንም ሌየር ምረጡና ኦቶ አላይን ሌየርስ የሚለውን ተጫኑ። "ትራይፖድ ላይ ነበር እኮ" አትበሉኝ። ንፋሱ፣ የሹተሩ ምት፣ እግራችሁ ሥር ያለው አፈር፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያንቀሳቅሳል። መግጠሙን ለማየት የላይኛውን ሌየር ብሌንድ ሞድ (ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ዲፈረንስ አድርጉና 100 ፐርሰንት አጉሉ። የሕንፃ ጠርዝ ሁለት መስመር ሆኖ ከታየ አልገጠመም ማለት ነው። ስትጨርሱ ወደ ኖርማል መልሱት።

የሌየሮቹን ስም ቀይሩ፦ "ዋና"፣ "ሰማይ"፣ "ቀይ"፣ "ጫካ"፣ "መብራት"። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ስትፈልጉ ታመሰግኑኛላችሁ። ከታች ዋናው ይሁን፣ 1 ሰከንዱ። ከእሱ በላይ ሌሎቹ።

ማስክ፦ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይሸፍናል

ማስክ ማለት ሌየሩ ላይ የሚለብስ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። ጥቁር በሆነበት ቦታ ሌየሩ አይታይም፣ ነጭ በሆነበት ይታያል፣ ግራጫ ከሆነ በከፊል። ይኸው ነው። ከላይ ላሉት ሌየሮች በሙሉ ጥቁር ማስክ ስጡ፦ ኦልት ይዛችሁ የማስኩን ምልክት መጫን። ማክ ላይ ኦፕሽን ነው። አሁን የሚታየው ዋናው ብቻ ነው።

"ሰማይ" የሚለውን ሌየር ማስክ ምረጡ። ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ትልቅ ብራሽ፣ ቀለሙ ነጭ፣ ፍሎው (በአንድ ቅብ የሚወርደው የቀለም መጠን) ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት። ከላይ ጀምራችሁ እየደጋገማችሁ ቀቡ። ፍሎውን ዝቅ የምናደርገው ብርሃኑ ቀስ በቀስ እንዲገነባ ነው፣ ልክ እንደ ወጥ፣ ጨው አንዴ ከበዛ መመለሻ የለውም። እውነቱን ለመናገር እዚህ መመለሻ አለው፣ ጥቁር ቀለም ይዞ መደምሰስ ነው፣ ግን ትዕግሥቱ ያስፈልጋል። ወደ አድማሱ ስትቀርቡ እጃችሁን አቅልሉ። ሩቁ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ስለሚታይ ይህ ለስላሳ መሸጋገሪያ እዚያ ላይ በቂ ነው፣ ማንም አይነቃበትም።

ነገሩ የሚከብደው ሰማዩን የሚቆርጥ ነገር ሲኖር ነው። የሕንፃ ጫፍ፣ ክሬን፣ ከሁሉም በላይ የባህር ዛፍ ቅጠል። ቅጠል በቅጠል በብራሽ እቀባለሁ የሚል ካለ እግዜር ይርዳው።

ሥራውን ፎቶው ራሱ ይሥራላችሁ

እዚህ ላይ ነው ሉሚኖሲቲ ማስክ የሚመጣው። ስሙ ያስፈራል፣ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው፦ ፎቶው ራሱ የቱ ብሩህ፣ የቱ ጨለማ እንደሆነ ያውቃል፤ ያንን እውቀቱን ወስደን ማስክ እናደርገዋለን። ሰማዩ ብሩህ ነው፣ ቅጠሉ ጨለማ ነው። ስለዚህ ጠርዙን እኛ አንሥልም፣ ብርሃኑ ይሥለዋል።

ከላይ ያሉትን ሌየሮች ዓይን (አጠገባቸው ያለውን የማሳያ ምልክት) አጥፉና ዋናው ብቻ ይታይ። ኮንትሮል፣ ኦልት እና 2 አንድ ላይ ተጫኑ። የሚንቀሳቀስ ነጠብጣብ መስመር ይመጣል፤ ብሩሁ ቦታ ተመርጧል ማለት ነው። መስመሩ የሚከበው ከግማሽ በላይ የተመረጠውን ብቻ ስለሆነ ሌላው ቦታ ፈጽሞ አልተመረጠም ብላችሁ አትሳሳቱ፣ ሁሉም እንደ ብርሃኑ መጠን ተመርጧል።

ችግሩም ይኸው ነው። የከተማው ጣሪያም በመጠኑ ስለተመረጠ ጠበብ ማድረግ አለብን። ምርጫውን ቻነልስ የሚለው ሰሌዳ ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ኮንትሮል፣ ኦልትና ሺፍት ይዛችሁ ያስቀመጣችሁትን ቻነል ተጫኑት። ምርጫው ከራሱ ጋር ይባዛና መካከለኛ ብርሃን ያላቸው ቦታዎች ይወድቃሉ፣ በጣም ብሩሁ ይቀራል። እንደ ወንፊት አስቡት፤ አንዴ ስትነፉት ሸካራው ይቀራል፣ ሁለቴ ስትነፉት ይደቅቃል። እኔ ብዙ ጊዜ አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃኛል። ሦስቴ ስትደግሙት ሰማዩ ራሱ መጉደል ይጀምራል።

የሌየሮቹን ዓይን መልሱ፣ "ሰማይ" ላይ ያለውን ማስክ ምረጡ። መስመሩ ዓይን ስለሚያጭበረብር በኮንትሮል እና ኤች ደብቁት፣ ምርጫው ግን እንዳለ ነው። አሁን በነጭ ብራሽ ዛፉ ላይ በድፍረት እለፉበት። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ሰማይ ቀለሙን ይወስዳል፣ ቅጠሉ አይወስድም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳቄ ነው የመጣው፣ ስንት ሌሊት በትንሽ ብራሽ አጥፍቼ ነበር። ስትጨርሱ ኮንትሮል እና ዲ። ይህን ከረሳችሁ ቀጥሎ የምትሠሩት ሁሉ እምቢ ይላችኋል፣ ምክንያቱም ምርጫው ተደብቆ አሁንም አለ።

ጊምፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ለምትጠቀሙ መንገዱ ትንሽ ይዞራል። ዋናውን ሌየር ምረጡና ማስክ ሲጨመር ከሚመጣው ዝርዝር የሌየሩ ግራጫ ቅጂ የሚለውን ያዙ። ከዚያ ማስኩን ወደ ሰሌክሽን (ምርጫ) ቀይሩና ከዋናው ላይ ያንን ማስክ ሰርዙት። በመጨረሻ "ሰማይ" ላይ ከሰሌክሽን ማስክ ጨምሩ። ከሰማዩ በታች ያለውን በጥቁር ብራሽ ትሸፍኑታላችሁ። ውጤቱ ያው ነው።

"ቀይ" የሚለው 1/15 ሰከንዱ ነው። እሱን ፀሐይ የጠለቀችበት ጥግ ላይ ብቻ፣ በጣም በስሱ። እዚህ ላይ ነው ጎረቤቱ ቤት ይዞ የሚመጣው። ያ ጥግ የሥዕሉ ሁሉ የብርሃን ምንጭ ነው፣ ስለዚህ ከሰማዩ ሁሉ ደማቁ እሱ ሆኖ መቅረት አለበት። ቀለሙ ያምራል ብላችሁ ሙሉ በሙሉ ካጨለማችሁት ከላይ ያለው ሰማይ ከምንጩ ይበራል፣ ያኔ ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር ይከነክነዋል።

"ጫካ"፣ 4 ሰከንዱ፣ ደግሞ ከፊት ለፊት ትንሽ ዝርዝር ለማምጣት ነው። ኦፓሲቲውን (ሌየሩ የሚታይበትን መጠን) 30 ወይም 40 ፐርሰንት አድርጉት። ጫካ በምሽት ጥቁር ነው፣ ይፈቀድለት።

የሚንቀሳቀስ ነገር

ንፋስ ቅጠሉን በእያንዳንዱ ፎቶ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። ሁለቱን ስትቀላቅሉ ቅጠሉ መንፈስ ይሆናል። ሕጉ አጭር ነው፦ አንድ ዛፍ ከአንድ ፎቶ። ለዛፉ አጠር ያለውን ኤክስፖዠር ምረጡ፣ ጨለም ቢልም የጠራ ይሻላል። ደመናም እንደዚሁ፤ አንዱን ደመና ግማሹን ከ1/4፣ ግማሹን ከ4 ሰከንድ ካመጣችሁ ጠርዙ ይፈሳል። መኪና ግን በተቃራኒው ነው። ረጅሙ ፎቶ ላይ ያለውን የመብራት መስመር እንዳለ ውሰዱት፣ አጭሩ ላይ ያሉት ቆመው የቀሩ ሚኒባሶች ከመስመሩ ጋር አንድ ላይ እንዳይታዩ በጥቁር አጥፏቸው።

መብራቱ

"መብራት" የሚባሉት ሌየሮች ሁለት ናቸው፣ 8 ሰከንዱና 2 ሰከንዱ፤ የሁለቱንም ብሌንድ ሞድ ላይትን አድርጉት። በዚህ ሞድ ከሌየሩና ከሥሩ ካለው ብሩሁ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ አምፖሉና መስኮቱ ይመጣሉ፣ በዙሪያው ያለው ጨለማ ዋናውን አይነካም። ማስኩ ጥቁር ስለሆነ በነጭ ብራሽ ሕንፃና መንገድ ላይ ብቻ ቀቡ። ሰማዩን አትንኩት። ከ8 ሰከንዱ ጀምሩ፤ አምፖሉ ነጭ ክብ ሆኖ የፈነዳበት ቦታ ላይ ማስኩን መልሳችሁ ዝጉና በ2 ሰከንዱ ተኩት። ኦፓሲቲውን 70 አካባቢ። ሙሉ 100 ካደረጋችሁት ከተማው ሌሊት፣ ሰማዩ ምሽት ይሆናል፣ ሁለቱ አይታረቁም።

"ይሄ ማታለል አይደለም ወይ?" የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። የኔ ድንበር ይህ ነው፦ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ምሽት፣ ትራይፖዱ ሳይነሳ የተነሳ ከሆነ ያየሁትን ነው የማሳየው። የሌላ ቀን ደመና ወይም በሌላ ሌንስ አጉልቼ ያነሳሁት ጨረቃ ከሆነ እሱ ሌላ ሥራ ነው። ሰው ከጠየቀኝ እንዴት እንደተሠራ እናገራለሁ። ለዜና ግን እንዲህ ያለ ፎቶ አይሰጥም፣ አበቃ።

ጠርዙ ይመርመር

100 ፐርሰንት አጉሉና ከግራ ወደ ቀኝ አድማሱን ተከትላችሁ ሂዱ። የምትፈልጉት በሕንፃና በሰማይ መካከል ያለ ቀጭን ብሩህ ክር ነው። እሱ ነው በእጅ የተዋሃደ ፎቶን የሚያጋልጠው። የሚመጣው ማስኩ ጠርዙ ላይ ግራጫ ሆኖ ሲቀር ነው። ኦልት ይዛችሁ ማስኩን ስትጫኑ ማስኩ ብቻውን ይታያል። ሰማዩ ላይ ያለውን ግራጫ ለማንጣት ዶጅ የሚለውን መሣሪያ ሃይላይትስ ላይ አድርጋችሁ፣ ሕንፃው ላይ ያለውን ለማጥቆር በርን የሚለውን ሻዶውስ ላይ አድርጋችሁ እለፉበት። ሁለቱም የሚነኩት የራሳቸውን ወገን ስለሆነ ጠርዙ ሳይበላሽ ይለያል።

ቦታው ሌላ ሲሆን ጠርዙም ሌላ ነው። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን አስቡ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት ወደ ታች ተፈልፍሎ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው፣ ላይ ያለው አለት ፀሐይ ሲመታው ጉድጓዱ ጥላ ይሆናል። እዚያ መሸጋገሪያው የጉድጓዱ ከንፈር ነው፣ ደረቅና ቀጥ ያለ፤ ለስላሳ ብራሽ አይሆንም፣ በፔን ቱል ቆርጦ ማስክ ማድረግ ይሻላል። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ደግሞ ፈተናው ውኃው ነው። በውኃው ውስጥ የሚታየው ሰማይ ከላይኛው ሰማይ ሁልጊዜ ጨለም ይላል። ሰማዩን ስታጨልሙ ውኃውን ከረሳችሁት ሐይቁ ከሰማዩ ይበራና ጉድ ይወጣል።

ቀጥሎ አንድ ጥቁርና ነጭ ማስተካከያ ሌየር ከላይ ጨምሩ። ቀለሙ ሲጠፋ የብርሃኑ ስህተት ይገለጣል። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩት። ከመብራቱ በስተቀር መሬቱ ላይ ያለ ነገር ከሰማዩ የሚበራ ካለ አደብዝዙት። ፎቶውን ግራና ቀኝ ገልብጣችሁም እዩት፣ የለመደ ዓይን የደበቀውን ያወጣል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዝጉና ተኙ። ማታ ያማረኝን ጠዋት ሳየው "ይሄን የሠራው ማነው" ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

ጠዋት ካለፈ ክላሪቲውን፣ ኮንትራስቱን፣ መቁረጡን አሁን ሥሩ። ሌየሮቹ ያሉበትን ፋይል ሳታዋህዱ አስቀምጡ፤ ትልቅ ነው፣ ዲስክ ይበላል፣ ግን ማስኩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ለመለጠፍ በኤስአርጂቢ ቀለም ጄፔግ አውጡ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጨምቆት ያ ሁሉ የለሰለሰ ሰማይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይደርሳል።